ዋጋ ያልለጠፍኩበት ኮሚክ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሬ ከዌስት አዳምስ ወደ ፓሳዴና ገበያ ስነዳ፣ ከጎኔ የተቀመጡት ጎረቤቴ እትዬ ትዕግሥታቸው አልቆ ዛሬ ምን ሆነሽ ነው፣ እንቁላል የጫንሽ ይመስል ትነጂያለሽ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሌላ ጊዜ ፍሪዌይ ላይ የሚቀድመኝ የለም። የዚያን ቀን ግን ከኋላ፣ ከሣጥኖቼ ሁሉ በላይ፣ በሁለት ካርቶን መሐል ሆኖ በፎጣ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ ኮሚክ፣ ታሪክን በሥዕል የሚተርክ መጽሔት፣ ነበረኝ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ልቤ አብሮ ይደነግጣል። ለእትዬ ግን ምንም አልነገርኳቸውም። ነገር ሳይሞላ ማውራት አልወድም። ዲቪ የደረሰኝ ጊዜ እንኳ ቪዛው ፓስፖርቴ ላይ እስኪመታ ድረስ እኛ ቤት ለጎረቤት ትንፍሽ ያለ የለም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው። የኮሚክ አባዜ የያዘኝም በዚያው ሥራ ነው። እንከባከባቸው የነበሩ አንዲት ሴትዮ ወደ ልጃቸው ቤት ሲዛወሩ፣ ጋራዡን አጽጂና የማይረባውን ጣይ ተባልኩ። ካርቶን ሙሉ ኮሚክ አገኘሁ። ሥዕሎቹን ሳይ መጣል አቃተኝ፤ አስፈቅጄ ወሰድኳቸው። መጀመሪያ እንግሊዝኛዬ እንዲሻሻል ብዬ አነበብኳቸው፤ ቀጥሎ የሚገዛቸው ሰው እንዳለ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ አለቀልኝ። አሁን ከየጋራዡ እየለቀምኩ፣ ኮንቬንሽን በሚሉት ገበያ ላይ ጠረጴዛ ተከራይቼ እሸጣለሁ። ኮሚኮቼን በፕላስቲክ ሽፋናቸው ደርድሬ፣ በሩ ተከፍቶ ሕዝቡ ሲጎርፍ ሳይ እንደ ልጅ እቁነጠነጣለሁ። አንዱ መጥቶ ሣጥኑን ሲያገላብጥ ይቆይና ድንገት እጁ ቀጥ ይላል፤ ፊቱ ይበራል። ያን ፊት ለማየት ነው የምሄደው። ስለ ትርፉ አትጠይቁኝ።

ችግሬ ቦታዬ ነበር። ጠረጴዛዬ ከአዳራሹ መጨረሻ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው። እኔ ዘንድ የሚደርስ ሰው ወይ ገንዘቡን ጨርሷል፣ ወይ ቸኩሏል። የሁሉም ነጋዴ ዓይን ያረፈበት ቦታ መግቢያው አጠገብ ያለው ጥግ ሲሆን፣ እሱን ለብዙ ዓመት የያዘው አንድ ከዘራ የሚይዝ የግሌንዴል ሽማግሌ ነበር። በአዘጋጆቹ ልማድ ጥግ የያዘ ነጋዴ ሲለቅ የሚተካውን ራሱ ይመርጣል። ሽማግሌው ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ላቆም ነው ብሎ ሲናገር ነጋዴው ሁሉ ዶናት እየያዘ ይጠይቀው ጀመር። እሱ ግን ዶናቱን እየበላ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅ ሳለ ስለጠፋበት ኮሚክ። ሽፋኑ ላይ የመዳብ ቆብ ያጠለቀ ባሕር ጠላቂ ከኦክቶፐስ ጋር ይታገላል። ከዚያ ተከታታይ ሌላውን ሁሉ ሰብስቦ ያቺ አንዷ ብቻ ቀርታዋለች። እሷን ላመጣልኝ ሰው ጥጉን ከነሣጥኖቹ እለቅለታለሁ አለ። እኛም ሳቅን። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ፈልጎ ያጣውን እኛ ከየት እናመጣዋለን?

እኔ አገኘሁት። እዚያው ዌስት አዳምስ፣ ከቤቴ በእግር የሚደረስ አሮጌ ግቢ ውስጥ፣ የሟች ዕቃ በሚሸጥበት፣ ከምግብ አሠራር መጽሔት ክምር ሥር። ቀለሙ ደብዝዟል፤ አንዱን ጠርዝ አይጥ ቀምሶታል፤ ጠላቂው ግን አለ፣ ገጾቹም አልጎደሉም። ሰው እንዳይነቃብኝ ከአንድ የሾርባ መጽሔት ጋር ደርቤ ገዛሁት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘጋሁና እልል አልኩ። ለሽማግሌው ቴክስት ሳደርግለት፣ ቅዳሜ ይዘሽው ነይ፣ ሙሉ ከሆነ ገበያው ሳይዘጋ ስምሽን ለአዘጋጆቹ እሰጣለሁ ብሎ መለሰልኝ።

እትዬን እንግዲህ ላስተዋውቃችሁ። ከእኔ ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባልትና ሱቅ ውስጥ ሽሮና በርበሬ ይሸጣሉ። ሚዛኑ ልክ ከሆነ በኋላ እፍኝ ካልጨመሩ እጃቸው አያርፍም፤ ምርቃት የሌለው ሽያጭ ገዢን መስደብ ነው ይላሉ። እረፍት በሆኑበት ቅዳሜ አብረውኝ ይመጣሉ። አጥባቂ ጴንጤ ስለሆኑ የኮሚክ ጀግና ልብስ ለብሶ ቀንድ ያበቀለ ጎልማሳ ባለፈ ቁጥር “በኢየሱስ ስም” ይላሉ፤ አንገታቸውን አስግገው እስኪርቅ ድረስ የሚያዩትም እሳቸው ናቸው። ችግራቸው ቸርነታቸው ነው። ባለፈው የደከመው ለመሰላቸው ሁሉ ዋጋ ሲቀንሱ ውለው ነበር። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ዋጋ የተለጠፈበትን በተለጠፈው ብቻ ይሽጡልኝ፣ ሳንቲም እንዳይቀንሱ ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ፤ እሺ ካሉ ደግሞ እሺ ነው።

ጠላቂውን ከፎጣው አውጥቼ ከኋላችን ባዶ ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። የሚለወጥ እንጂ የሚሸጥ ስላልሆነ ዋጋ አልለጠፍኩበትም። በዚያ ሁሉ ክርንና የፕላስቲክ ጎራዴ መሐል ይዤው ልሄድ አልደፈርኩም፤ ሽማግሌውን ወደ እኔ ላምጣው አልኩና ተነሣሁ። ጥጉ ጋ ስደርስ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። አጠገቡ ያለው ነጋዴ አሁን ሄደ፣ ይመለሳል አለኝ። ቆሜ ጠበቅኩ። እየጠበቅኩ ጥጉን በዓይኔ አሳመርኩት፤ የሕፃናቱን እዚህ፣ ውዶቹን እዚያ፣ ለእትዬ የሚመች ወንበር ከግድግዳው ሥር። ሰው ከበሩ ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ይሆናል። ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝና መቆም አቅቶኝ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

እትዬ ፈገግ ብለው ጠበቁኝ። ሽያጩ ደርቶላቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ሣጥኑን ነው። ላዩ ላይ ምንም የለም።

“እትዬ፣ እዚህ ያስቀመጥኩት የታለ?”

“አሮጌው? ለአንድ ሽማግሌ መረቅኩለት።”

ከዚያ ደስ ብሏቸው ያወሩልኝ ጀመር። አንድ ከዘራ የያዘ ሰውዬ መጥቶ የሆነ ነገር ጠየቃቸው፤ እንግሊዝኛው ፈጠነባቸው። ትንሽ ቆሞ ጠበቀና እንዲያው በይሉኝታ ከርካሹ ሣጥን አንድ የጥንቸል ኮሚክ አነሣ። ቀንሽልኝ አላቸው። እሳቸው በትእዛዜ ጸኑ፤ ግን ሆዳቸውን በላቸው። የሚመርቁለት ነገር ዙሪያውን ቢፈልጉ ሁሉም ላይ ዋጋ ተለጥፏል። አይጥ የቀመሰው አንዱ ላይ ብቻ ዋጋ የለም፤ እሱን አንሥተው ሰጡት። ሰውየው አይቶ ደነገጠ፤ አልወስድም ብሎ መለሰላቸው። እትዬ ተቆጡና እጁ ውስጥ ከተቱለት።

“ፍሪ፣ ፎር ዩ አልኩት። እንዳልሽኝ ፕራይስ ያለበትን ዲስካውንት አላደረግኩም” አሉኝ።

ከዘራ የያዘ ሽማግሌ! በአንዱ መተላለፊያ እኔ ስሄድ በሌላው እሱ ወደ እኔ መጥቶ ኖሯል። የሚፈልገውን በነጻ ካገኘ ከእኔ ምን ይፈልጋል? ለእትዬ ሳልመልስላቸው ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም፤ በእሳቸው ይሁን በሰውየው ይሁን በራሴ መለየት አልቻልኩም። አንድ ክንፍ ያለው ሰው ገፍትሬ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ሽማግሌው ጥጉ ውስጥ፣ ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ኮሚኩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። እኔ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነው የቆምኩት፤ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ከአፌ ጠፍቷል። እሱ ቀደመኝ። ሲያየው ወዲያው እንዳወቀው፣ መልሶ ሊሰጣት ቢሞክር ሴትየዋ እንደተቆጣችው ነገረኝ። 

“ዕድሜዬን ሙሉ ስከራከር ነው የኖርኩት” አለኝ። “እዚህ ያለው ወረቀት ሁሉ ተከራክሬ የያዝኩት ነው። እሷ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ይሄን ሰጠችኝ። ያንቺ እንደሆነ አውቃለሁ። ውሰጂው፤ እንደገና አምጪልኝና እንደተነጋገርነው እንለዋወጥ። ጥጉ ያንቺ ይሆናል።”

ኮሚኩን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። እጄን ብሰድ አለቀ፤ ያሰብኩት ሁሉ ይሆናል። ግን እጄ አልነሣ አለኝ። የተሰጠ ምርቃትን እጅ ዘርግቶ መልሶ መውሰድ! ባልትና ቤት ውስጥ የተጨመረላትን እፍኝ ሽሮ ከሴት ዘንቢል ውስጥ መልሶ መዝገን ነው። ላደርገው ቀርቶ ሳስበው ፊቴ ጋለ። እትዬ ቢያዩኝ ደግሞ ምን ይሉኛል? ጥጉ በዓይኔ ላይ ዞረ፤ ያሳመርኩት ሁሉ ፈረሰ። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

“የሰጠችህ እሷ ናት፤ ያንተ ነው” አልኩት።

ኮሚኩን ቀስ ብሎ ከደነና ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

“የሴትየዋ ስም እንዴት ነው የሚጻፈው?” አለኝ።

ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። የተሰጠኝን በጥግ አልገዛውም፣ ጥጉን ግን ለማን እንደምሰጥ የምመርጠው እኔ ነኝ አለ። የእትዬን ስም ፊደል በፊደል ስነግረው እሱ እየጻፈ፣ እኔ እየሳቅኩ እንባዬ ይወርዳል።

ተመልሼ ነገርኳቸው። የሰጡት አሮጌ ወረቀት ምን እንደነበረ፣ ከስንት ወር የቤት ኪራያችን እንደሚበልጥም ጭምር። ይደነግጣሉ፣ ይጸጸታሉ ብዬ ነበር። እትዬ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

“ደስ አለው?” አሉኝ።

“አለቀሰ” አልኳቸው።

“ሶ ምን ሆነሽ ነው እንደዚያ የሮጥሽው?”

አሁን የጥጉ ጠረጴዛ የእትዬ ነው፤ አዘጋጆቹ ዘንድ የተመዘገበው በእሳቸው ስም ነው። እኔ ሣጥን ተሸካሚና ዋጋ ለጣፊ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሰው ከበሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡትን እሳቸውን ነው። ሥራ ሲያስጀምሩኝ አንድ ደንብ ብቻ አወጡ፤ በየገበያው አንድ ኮሚክ ዋጋ ሳልለጥፍበት ከኋላ እንዳስቀምጥላቸው። መጀመሪያ ማንም የማይፈልገውን የተቀደደ አስቀመጥኩ። አገላብጠው አዩትና ይሄንንማ ለራስሽ አሉኝ። ባለፈው ቅዳሜ በጣም የምወደውን፣ ለማንም አልሸጥም ብዬ ቤት ውስጥ ደብቄ የኖርኩትን ይዤ መጣሁ። ሳስቀምጠው አንጀቴ አልቆርጥ ብሎኝ ነበር። በሩ ተከፍቶ ሕዝቡ ሲገባ ግን ለማን እንደሚደርስ ለማየት ከእትዬ ይልቅ የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ።