የግሌኒስ ቀይ መኪና እና የኬልቪን ድንች

ግሌኒስ ባድኮክ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች መቶ አርባ ላም ስታልብ ኖረች። ከሥራ የቀረችባቸው ቀናት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው እናቷ የተቀበረች ዕለት፣ ሁለተኛው ጊደር ረግጣት እግሯ የተሰበረ ዕለት። በማግስቱ እግሯን በጀሶ አሳስራ ተመለሰች። እሷም ላሞቹም ስለ ጉዳዩ ምንም አላሉም።

አላገባችም። በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ሰሜን፣ ከሮላንድ ተራራ ሥር፣ አባቷ የተወላትን የከብት እርሻ ይዛ ብቻዋን ትኖር ነበር። ዳገታማውን የመሬቱን ግማሽ የወረሰው ታናሽ ወንድሟ ኬልቪን ነው፤ እሱ ድንች ይተክላል። ሁለቱን መሬት የሚለያያቸው ወደ ጋራው እየተጠማዘዘ የሚወጣ አንድ ጠባብ አስፋልት ነው።

ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላት ላሞቹን በሙሉ ሸጠች። ማንንም አላማከረችም። ኬልቪን ነገሩን ያወቀው የጭነት መኪኖቹ በበሩ ሲያልፉ አይቶ ነው። ጠጠሩን እየረገጠ መጥቶ አጥሯ ጋ ቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ላሞቹን ሸጥኳቸው።»

«የአባባን ላሞች?»

«አባባ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ኬልቪን። ከእነዚህ ውስጥ እሱን የምታውቀው አንዲትም ላም የለችም።»

ኬልቪን ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳብ አድርጎ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህትና ወንድም ዓይንህን ላፈር ተባባሉ። ከተማ ሱቅ ውስጥ ሲገጣጠሙ እንኳ የሚነጋገሩት በባለሱቋ አማካይነት ነበር።

«ለዚያች ሴትዮ ንገሪልኝ እስቲ» ይላል ኬልቪን፣ «የውሃ መውረጃው ቦይ ተደፍኗል።»

ግሌኒስ ዳቦዋን ይዛ ከጎኑ ቆማለች። «ሰምቻለሁ በይልኝ።»

«ሰምታለች» ትላለች ባለሱቋ፣ የገንዘቡን መልስ እየቆጠረች።

ላሞቹ በሄዱ በሦስተኛው ሳምንት የግሌኒስ አሮጌ ፒክአፕ ሞተሩ አለቀለት። ሌላ መኪና ልትገዛ ዴቨንፖርት ከተማ ወረደች። የመኪና መሸጫው ሰውዬ ትሁት ነበር። ዕድሜዎን የምትመጥን ብሎ ቁመቷ ከፍ ያለ፣ የአሸዋ ቀለም ያላት፣ መቀመጫዋ እንደ ፍራሽ የሚለሰልስ መኪና አሳያት። ግሌኒስ ግን ዓይኗ ከዚያች ጎን የቆመችው ላይ ነበር። ቀይ ናት። አጭር፣ ሰፊ፣ ባለ ሦስት በር፤ የኋላዋ በር ከነመስታወቱ ወደ ላይ ይከፈታል። አራቱም ጎማዎቿ ጥግ ጥግ ይዘው መሬቱን ቆንጥጠዋል።

«ያቺስ?»

«እሷ እንኳን…» ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቱርቦ ናት። ትንሽ ቁጡ ነች። የሚወስዷት ወጣቶች ናቸው።»

«ትራገጣለች?»

«አይ፣ እሱን እንኳ አትራገጥም።»

«እንግዲያው ልያት።»

ለሙከራ ይዛት ስትወጣ ሻጩ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ሬዲዮው ያስረዳት ጀመር። ሁለተኛ ማርሽ አስገባች፣ ሦስተኛ አስገባች፣ ነዳጁን ረገጠችው። ሰውዬው ስለ ሬዲዮው ማስረዳቱን ተወ። ግሌኒስ ከጎድኗ ሥር አንድ ነገር ሲላቀቅ ተሰማት። ምን እንደሆነ አልመረመረችም። ሲመለሱ ሻጩ ወርዶ መሬቱን እያየ ጥቂት ቆመ። እሷ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም።

«ይዣታለሁ» አለች።

መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለነበረች ወደ ቤት የሚያስገባው የጠጠር መንገድ ሆዷን ፈተገው። ግሌኒስ በትራክተር ሁለት ቀን ሙሉ መንገዱን ስትደለድል ዋለች። ለላሞቹ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልተደለደለ መንገድ ነው። አሮጌው የበግ ውሻዋ ሞስ፣ ዕድሜ ልኩን ፒክአፕ ኋላ ላይ ተጭኖ የሄደው፣ የፊተኛውን መቀመጫ ተሰጠው። በኩርባ ላይ ወዴት ማዘንበል እንዳለበት በአንድ ሳምንት ተማረ።

ሥራ ስለሌላት ገበያ መሄድ አበዛች። ሱቁ በቀጥታው መንገድ አሥር ደቂቃ ነው። እሷ በጋራው ዞራ ትሄድ ነበር።

በዓመቱ ጎማ ልታስቀይር ዝላትኮ ጋራዥ ወሰደቻት። ዝላትኮ በልጅነቱ ከክሮኤሺያ የመጣ፣ ቀልድም ቁምነገርም በአንድ ድምፅ የሚናገር መካኒክ ነው። ጎማዎቹን አገላብጦ አየ። የውጪው ጠርዛቸው ተላጭቷል።

«ግሌን፣ ይሄ ጎማ የት ነበር?»

«ገበያ።»

«ገበያ ሄዶ የመጣ ጎማ እንዲህ አይሆንም።»

«በኩርባው በኩል ነው የምሄደው።»

ዝላትኮ ጎማውን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ስሚኝማ። ፖሊስ ሳይይዝሽ ወይ የሰው በግ ሳትገጪ፣ ለምን ከእኛ ጋር አትወጪም? ክለባችን በየመጋቢቱ መንገዱን ዘግቶ የዳገት ውድድር ያደርጋል። አንድ በአንድ ነው የሚወጣው፤ ከፊት ማንም አይመጣብሽም።»

«የቱን መንገድ?»

«ያንቺን። በወንድምሽ ድንች በኩል የሚያልፈውን።»

«እሱ ይኖራል?»

«ሰባተኛው ኩርባ ላይ አደጋ ሲደርስ ባንዲራ የሚያውለበልበው እሱ ነው። አሥር ዓመቱ። ማሳው እዚያ ስለሆነ ከቤቱ ወንበር ይዞ ይመጣል።»

«መዝግበኝ» አለች ግሌኒስ።

የውድድሩ ዕለት እሑድ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ስም የምትመዘግበው ወጣት ቀና ብላ አየቻትና ፈገግ አለች።

«እማማ፣ የሹፌሩን ስም ይንገሩኝ። ልጅዎ ነው?»

«የለኝም።»

«የልጅ ልጅ?»

«ሄልሜቱን ስጪኝ የኔ ልጅ።»

በመጀመሪያው ዙር ዳገቱን በአንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሰከንድ ወጣች። በሁለተኛው ስምንት ሰከንድ ቀነሰች። ዝላትኮ ሰዓቱን አይቶ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ እሱ ዘንድ ይህ እልልታ ነው። በሁለቱም ዙር ሰባተኛውን ኩርባ ስታልፍ ኬልቪን ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣ ባንዲራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ ነበር። አላያትም። ወይም እንዳላየ ሆነ። እሷም አላየችውም፤ ሰደርያው ቢጫ መሆኑን ግን አወቀች።

ሦስተኛው ዙር ላይ ፍሬኑን ትንሽ ዘግይታ ልትይዝ ወሰነች። ሰባተኛው ኩርባ አጠገብ አንድ ጥድ አለ፤ ቀድሞ እዚያ ትይዝ ነበር። አሁን ጥዱን አልፋ ያዘች። መኪናዋ መሪውን አልሰማ አለች። ቀጥ ብላ ሄዳ ኩርባው ጠርዝ ላይ ለመከላከያ የተደረደረውን የሣር ክምር በተነች፣ የሽቦ አጥሩን ሁለት ቋሚ ነቅላ፣ ድንቹ መሃል ገብታ፣ ስድስት ትልም አቋርጣ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። አንድ ድንች ኮፈኑ ላይ ነበር።

ኬልቪን ቀዩን የእሳት ማጥፊያ ይዞ ሲሮጥ መጣ። ሃምሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ስለሆነ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። የክለቡ ደንብ አደጋ የደረሰበትን ሹፌር አራት ጥያቄ መጠየቅን ያዛል። ኬልቪን ደንብ አክባሪ ነው። በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ተጎድተሻል?»

«አልተጎዳሁም።»

«ስምሽ ማነው?»

ግሌኒስ ሄልሜቷን አውልቃ አየችው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያነጋገራት ገና አሁን ነው። «ታውቀዋለህ።»

«ደንቡ ነው። ስምሽ ማነው?»

«ግሌኒስ ሜይ ባድኮክ።»

«ዛሬ ቀኑ ምንድነው?»

«እሑድ።»

«የት ነው ያለሽው?»

«ድንችህ ውስጥ።»

ኬልቪን ቀና ብሎ የመገናኛ ሬዲዮውን አፉ ጋ አስጠጋ። «ሰባተኛ ኩርባ። ሹፌሯ ጤነኛ ናት። እንደ ወትሮዋ።» ሬዲዮውን ዘጋ። የተነቀለውን አጥር፣ ከዚያ ትልሞቹን፣ ከዚያ መኪናዋን አየ። የፊት ፓራውልቷ ተገንጥሎ አንዱ ቸርኬዋ ተጣሟል።

«ዘግይተሽ ያዝሽ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ቀድሞ ከጥዱ ጋ ነበር የምትይዢው። ሁለቱንም ዙር። ደህና አድርገሽ ነበር የምትዞሪው። ምን ብለሽ ነው የለወጥሽው?»

ግሌኒስ ሄልሜቷን ጎኗ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠች። ሰውዬው ሲያያት ነበር ማለት ነው። በሩን ከፍታ ልትወርድ ስትል እጇ መያዣውን ሳተ፤ እንደገና ሞከረች። ኬልቪን ጣቶቿን አያቸው።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ይደነዝዛል። ሁለቱም። አራት ዓመት አለፈው። ማለቢያውን ይዤው ይሁን ጥዬው አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ካላቆምሽ አይሻልሽም አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ እኔ አልብልሻለሁ ትለኝ ነበር።»

«ታዲያ!»

«ድንችህስ?»

ኬልቪን እውነትም እንደዚያ ይል ነበር፤ ድንቹም ይበላሽ ነበር። ጎንበስ ብሎ ኮፈኑ ላይ ያለውን ድንች አነሳና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«በዚህ እጅ ነው መሪ የምትይዢው?»

«መሪ አይራገጥም።»

ኬልቪን ሳቀ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ አባታቸውም እንደዚያ ነበር የሚስቀው። ከዚያ ትራክተሩን ሊያመጣ ሄደ። ግሌኒስ ማንም ሳያይ ዓይኗን በጓንቷ ጠረገች፤ ጓንቱ አፈር ነበረበት።

ማክሰኞ ዕለት ሽቦና ጉጠት ይዛ በእግሯ መጣች። አጥሩን አብረው ሲያቆሙ ዋሉ፤ እሱ ይወጥራል፣ እሷ ታስራለች፤ ጣቷ እምቢ ሲል ጉጠቱን ይቀበላታል። ባለሱቋ በቀጥታ መነጋገራቸውን ስትሰማ «እኔስ አሁን ማንን ላናግር ነው?» አለች።

ዝላትኮ መኪናዋን አቅንቶ እስኪያስረክብ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ባልዲ አፈር አወጣ። በቀጣዩ መጋቢት ግሌኒስ በአንድ ደቂቃ ከአርባ አንድ ሰከንድ ወጥታ በምድቧ ከአምስት ሰው አራተኛ ሆነች። አምስተኛው ሰውዬ መኪናው አልነሳ ብሎት ነው። ኬልቪን ግን ውጤቱን ለጎረቤቱ ሁሉ ሲናገር አምስተኛውን አያነሳም፤ «አራተኛ ወጣች» ብቻ ነው የሚለው።

አሁን ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ኬልቪን ዓይኑን ስላመመው በየሐሙሱ ላውንሰስተን ከተማ ለሕክምና የምታመላልሰው እሷ ናት። ሞስ ወደ ኋላ ወንበር ተዛውሯል። መጀመሪያ ሰሞን ኬልቪን አራተኛው ኩርባ ላይ አስመለሰው፤ ከዚያ ወዲያ መላ አገኘ። ቀበቶውን ያስራል፣ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጁ ይጨብጣል፣ ከተማ እስኪደርሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይሄዳል። ሐኪሙ ዓይንህን አሳርፍ ብሎታል።