ባሌ የሰው ጀላቢያ የለበሰበት ክረምት

ቀናተኛ ነኝ። አንዳንዱ ሰው ረጅም ሆኖ እንደሚፈጠር እኔ ቀናተኛ ሆኜ ተፈጠርኩ፤ ባሌም ሲያገባኝ ያውቅ ነበር። ያን ክረምት የሆነውን የምጽፈው ቅናቴ ስለለቀቀኝ አይደለም። እንዲያውም ስጽፈው እንደገና ይቆጠቁጠኛል።

የምንኖረው ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ባሌ የራሳችንን ትንሽ የሰሊጥ ማሳ ያርሳል፤ ክረምት ላይ ትሉ ሲነሳ ደግሞ የባለሀብቶቹን እርሻ ይረጭ ነበር። ፀረ-ተባዩን ሁላችንም መድኃኒት ነው የምንለው። መርጫውን በጀርባው አዝሎ ማለዳ ይወጣል፣ ፀሐይ ሳትከር ይጨርስና ለምሳ ይደርሳል። ልብሱ እንደራሰ፣ እጁን ብቻ ለቅለቅ አድርጎ ማዕድ ይቀርባል። ያ የመድኃኒት ሽታ ለእኔ የሥራ ሽታ ነበር። ትራሳችን ሳይቀር ይሸት ነበር፤ ለምጄዋለሁ።

የእኔ ኩራት ውሃዬ ነበር። ቆላ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ እንግዳ የሚከበረው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ባሌ ከእርሻው ባዶ የመድኃኒት ጀሪካን አመጣልኝ። በአመድና በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት፣ ጆንያ በውሃ ነክሬ አለበስኩትና ዳሱ ሥር ሰቀልኩት። የመድኃኒት ጀሪካን ፕላስቲኩ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይሰነጠቅም፤ በመንደራችን የሌለው ቤት አልነበረም። የእኔን ያህል የሚያቀዘቅዝ ግን ማንም አልነበረውም። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ይጠጣልኝ ነበር፣ ከአንዲት ሴት በቀር።

ያቺ ሴት ከወሎ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማትርቅ ጎረቤታችን ናት። ቤቷ ከእርሻ በሚያመጣው መንገድ ላይ ነው፤ ባሌ የሷን ደጅ ሳያልፍ የእኔን አያገኝም። ውሃ ስቀዳላት አልጠማኝም ትላለች። እሷ ቤት፣ ሱዳኖቹ ዚር የሚሉት ትልቅ የሸክላ የውሃ ጋን ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር ቆሟል። ማሽላችንን ነቀዝ እንዳይበላብን ሁላችንም የመድኃኒት ዱቄት ስንለውስበት፣ እሷ የኒም ቅጠል አድርቃ ትጨምርበታለች፤ ነቀዝ የበላውንም ቁጭ ብላ ትለቅማለች። ኩራተኛ ናት ተባለች። እኔ በተለይ ጠመድኳት። መልኳ ማማሩም አልረዳትም።

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሆዴ ገፍቶ ሳለ ባሌ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ምሳዬን ተወ። በላሁ ይለኛል፤ የት ስለው እዚያው ከሠራተኞቹ ጋር ይለኛል። ቀጥሎ ውሃዬን ተወ። ስቀዳለት ተቀብሎ ያስቀምጠዋል፣ ዞር ስል ይደፋዋል። ከሁሉ ያሳበደኝ ግን ልብሱ ነው። ጠዋት ለብሶት የወጣው ሸሚዝና ሱሪ ታጥቦ መምጣት ጀመረ። ዝናብ መትቶኝ ነው አለኝ። እሺ፣ ክረምት ነው፣ ይዘንባል። ዝናብ ግን ሳሙና ሳሙና አይሸትም።

እርር ድብን አልኩ። ሌሊቱን እሱ ሲያንኮራፋ እኔ ደረቱን አሸት ነበር፤ የለመድኩት የመድኃኒት ሽታ የለም። ሽታው ከትራሳችን የጠፋው ሌላ ሴት ወስዳብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። ያን መርዝ መናፈቄ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

ጳጉሜን ላይ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሆዴን አስቀድሜ የእርሻውን መንገድ ያዝኩ። ከሷ አጥር ስደርስ በሽንቁሩ አየሁ። ባሌ ኒሙ ሥር ተቀምጧል። ፀጉሩ ገና ከውሃ እንደወጣ ነው። ሸሚዝና ሱሪው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። እሱ ነጭ ጀላቢያ ለብሷል፤ ጀላቢያው የሟች ባሏ ነው፣ ሰውየው በየበዓሉ ሲለብሰው አውቀዋለሁ። እሷ ከዚሩ ውሃ ቀድታ ትሰጠዋለች።

አጥሩን እንዴት እንዳለፍኩ አላስታውስም።

"የሞተብሽን በእኔ ባል ልትተኪ ነው?" አልኳት።

ባሌ ጣሳውን እንደያዘ ብድግ አለ። ውሃው እየተረጨ ጀላቢያውን አራሰው። ፈርቶኝ ነው የሚንቀጠቀጠው ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ጣሳውን መሬት አስቀመጠው። እጁ ግን አላቆመም። በሌላው እጁ ያዘው፤ ያኛውም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተቀመጪ አለችኝ፣ አልቀመጥም አልኩ፤ ቆሜም ቢሆን ሰማኋት። ባሏ አብደራፊ በኩል ለዓመታት ሲረጭ ኖሯል። መጀመሪያ እጁን፣ ከዚያ እግሩን፣ በመጨረሻ አንደበቱን ያዘው። ሐኪሞቹ የሚረጨው ነገር ነርቭ እንደሚጎዳ የነገሯት ሰውየው ተኝቶ ከቀረ በኋላ ነው። ሐምሌ ላይ የእኔ ባል ራሱን ይዞ፣ ለሐጩ እየወረደ አጥሯን ተደግፎ ስታየው ጠራችው። ገላህን ታጠብ አለችው፤ ልብስህን ለብቻው በራስህ እጅ እጠብ፣ እስኪደርቅ ይህን ልበስ፣ ከመድኃኒት ጀሪካን አትጠጣ። ራሱ ነው የሚያጥበው አለችኝ። እኔ ቤት ካልሲ እንኳ አለቅልቆ የማያውቅ ሰው!

"ሚስትህ ነፍሰ ጡር ናት፣ በዚህ ልብስ አትቀፋት ነው ያልኩት" አለች። "እኔ ባሌን ከነልብሱ አቅፌ ነበር የምተኛ፤ ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። በምን እንደሁ የሚያውቅ እግዜር ነው። ያንቺ ግን እንዳይወርድ ብዬ ነው እህቴ።"

ሌላ ሴት ብትሆን እግሯ ላይ ትወድቅ ነበር። እኔ ግን እጁ መንቀጥቀጡን መቼ ነው የነገረሽ ብዬ ጠየቅኋት። ከሐምሌ ጀምሮ ታውቃለች። ለእሷ ነግሯታል! እኔ ጎን እየተኛ እጁን አንሶላ ሥር ይደብቅ ነበር። በአልጋ ከድቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር አልልም፤ ያን ቀን አንጀቴን ያሳረረው ግን ይኸው ነበር። ሕመሙን እንኳ ከእኔ በፊት እሷ አየችው።

እጁን ይዤ ከነጀላቢያው ወደ ቤት ጎተትኩት። መንገድ ላይ ለምን ደበቅኸኝ አልኩት።

"በዚያ ጀሪካን እንዴት እንደምትኮሪ እያየሁ ምን ልበልሽ?" አለኝ። "ያመጣሁልሽም እኔው ነኝ።"

በማግስቱ ጀሪካኑን ማንም አንስቶ ውሃ እንዳይቀዳበት በመጥረቢያ ሰንጥቄ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ሰው ለጤና አስባ ነው ይላል፤ ይበል። እኔ ያሰብኩት ባሌ ወደዚያ ግቢ የሚገባበት አንዲትም ምክንያት እንዳይቀረው ነው። ከማዶ ጦርነቱን ሸሽታ የመጣች አንዲት ሱዳናዊት ከተማው ላይ ዚር ትሸጥ ነበር፤ ከጎረቤቴ የሚበልጠውን መርጬ ገዛሁ፣ ባጃጅ ውስጥ እኔና ሆዴና ዚሩ ተጨናንቀን መጣን። ከቤቱ ጀርባ መታጠቢያ በሰሌን አስከለልኩ። ከሥራ ሲመጣ ሳይታጠብ በር አያልፍም፤ ልብሱን ራሱ ያጥባል፣ እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ አየዋለሁ። በዱቄት የተለወሰውን ማሽላ ለዘር ለየሁት። ለምግብ የሚሆነውን ፀሐይ ላይ በደንብ አስጥቼ የኒም ቅጠል ጨመርኩበት፤ ነቀዝም ቢገባው ቁጭ ብዬ መልቀም ተማርኩ። ቲማቲም እንኳ ሳይታጠብ ቤቴ አይበላም። የሰው እርሻ መርጨቱን እንዲተው ስጨቀጭቀው ሰንብቼ መስከረም መጨረሻ ላይ ተወው፤ ኪሳችን ሳሳ፣ ግን ተወው።

ጎረቤቴ አንድ ቀን መጣች። ከዚሬ ቀድቼ ሰጠኋት፣ እስከ ጭላጩ ጠጣችው። ከእኔው ዚር ይልቅ ይቀዘቅዛል አለች። ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ልጄ ኅዳር ላይ በደህና ተወለደች። ባሌ ሊያቅፋት ፈራ። የእጁ መንቀጥቀጥ ቀንሶለታል እንጂ አልተወውም፤ እጥላታለሁ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ሴቶቹ ሁሉ እያሉ፣ ሕፃኗን አንስታ ወደሱ የሄደችው ያቺው ናት። አስቀመጠችው፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደገፈችው፣ ልጄን ክንዱ ላይ አኖረችለት። እጁ ተርገፈገፈ፣ ልጅቱ ግን አልነቃችም። እሱ አለቀሰ። እኔ አልጋዬ ላይ ተዘርግቼ ተቃጠልኩ። መነሳት ብችል ልጄን ከመሃላቸው እነጥቅ ነበር።

ከአራስ ቤት ስወጣ ጀላቢያው ትዝ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ሳጥን ውስጥ ነበር። አውጥቼ በበረኪና ዘፈዘፍኩት፣ አንገትጌው እስኪሳሳ ፈተግሁት። መርዝ አልነበረበትም፤ ገላውን ታጥቦ ነው ሲለብሰው የነበረው። እኔ ያወጣሁት የባሌን ጠረን ነው። ከሱ አንዲት ነገር ተመልሳ ወደዚያ ቤት እንዳትገባ ፈለግሁ። አጣጥፌ፣ በፌስታል አድርጌ ወሰድኩላት።

ተቀበለችኝና ፊቷን ቀበረችበት። እንደዚያ ሆና ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ ረጥቧል።

"ለምን አጠብሽው?" አለችኝ።

የሰው ዕቃ ሳይታጠብ አይመለስም አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ወደ ውስጥ ገባች።

የማንን ጠረን እንደፈለገችበት፣ የባሏን ይሁን የባሌን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ልጄ አሁን በሁለቱ ግቢዎች መካከል ስትሮጥ ትውላለች፣ ከሁለቱም ዚር ትጠጣለች። ባሌ ሻይ የሚይዘው አሁንም በሁለት እጁ ነው። ማሳችን ላይ ውሎ በዚያ መንገድ ሲመለስ ግን ዳሱ ሥር ቆሜ እጠብቀዋለሁ፣ ሳሙናውን ይዤ።