ዝቅ አድርጌ የመረጥኩት ስፒከር

ለሥራ በተሰደድኩበት አገር፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለው የየመናዊው ሱቅ ሆም ቲያትር የሚፈተነው በጩኸት ነበር። ባለሱቁ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ትልቁን ሳጥን መሬት ላይ ያስቀምጥና ላዩ ላይ ውኃ የተሞላ ብርጭቆ አድርጎ ሙዚቃውን ይለቀዋል። ውኃው ከተንቀጠቀጠ ገዢው «ዋላሂ ጥሩ ነው!» ይላል፤ በቃ፣ ተሸጠ።

እኔ ግን «ዝቅ አድርገው» አልኩት። ዝቅ አደረገው።

«አሁንም ዝቅ።»

«እህቴ፣ ልታስተኚበት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ይሳቅ። ሰው ቤት እየኖርኩ ስሠራ መዝሙር የምሰማው ማዳም እንዳትነቃብኝ ስልኬን ትራስ ሥር ሸጉጬ ነበር። ለዓመታት እንዲህ የሰማ ጆሮ ስፒከርን የሚለየው ሲያንሾካሹክ ነው። መናኛው ዝቅ ሲል ቃሉን ይውጠዋል፤ ጥሩው ዘማሪዋ ትንፋሽ ስትስብ እንኳ ያሰማል። ያሉትን ሁሉ በየተራ አስከፍቼው ትንሹን መረጥኩ፤ ውኃውን ንቅንቅ ያላደረገውን።

የገዛሁት ለእናቴ ነበር። ከማዳም ቤት ወጥቼ የራሴን ክፍል ስከራይ ከድሬዳዋ ልትጠይቀኝ መጣች። መዝሙር ነፍሷ ነው። በራሴ ቤት፣ በራሴ ዕቃ አስደስቻት ልጄ ሰው ሆነች እንድትል በጣም ፈልጌ ነበር።

ከአውቶቡስ ስትወርድ ተቀበልኳት። መንገዱ እንዴት ነበር ብላት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። በስልክም ምንም ብጠይቃት መልሷ ይኸው ነበር። ችግሯን እየደበቀችኝ ይመስለኝና እናደድ ነበር።

አረፍ እንዳለች መዝሙሩን በለመድኩት ልክ ከፈትኩላት። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይወርዳል። ኮራሁ። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስፒከሩን ታየዋለች። ቆይታ ቆይታ፣

«ልጄ፣ አትከፍቺውም እንዴ?» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። እናቴ ጆሮዋ ከድቷታል፤ በስልክም የምላትን አትሰማም ነበር።

ሪሞቱን አንስቼ ጨመርኩ፣ ደግሜ ጨመርኩ። ማዳም የለችም፣ ዓይኔ ግን ወደ በሩ ሄደ። ትንሹ ስፒከር አልቻለም፤ ይንጣጣ፣ ይንጫረር ጀመር። የእናቴ ፊት በራ።

«እሰይ! እንዴት ያለ ጥሩ ድምፅ ነው!»

«ላንቺ ብዬ ነው የመረጥኩት፣ እማዬ!» አልኳት፣ ጮክ ብዬ።