ሾፌሩ ዘፈኑን ለምን አጠፋ?

ዛሬ ሚኒባስ ሙሉ ሰው አንድ ሾፌር መረቅን። በከንቱ!

ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ እየተመለስን ነው። አንድ መምሬ መንገድ ላይ ተሳፈሩ። መስቀል አሳልመውን ገና ሳይቀመጡ፣ ሲያደነቁረን የነበረው ዘፈን ጸጥ አለ።

ጾምም ስለሆነ ሁላችንም ደስ አለን። «ተባረክ ልጄ» አሉት መምሬ፤ እኛም ተከትለን መረቅነው። «አሜን አባቴ» ብሎ ተቀበለ።

እኔ ግን አላመንኩትም። ጠዋት ስንሄድ ሌላ ቄስ አሳፍሮ ዘፈኑን ንክች አላደረገም። ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ጨዋ የሆነው?

ከኋላው ስለተቀመጥኩ አጮልቄ አየሁ። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ያላት ቀይ መብራት በርታለች። ሳያት አየኝና ጨርቅ ጣል አደረገባት።

«ምንድን ናት?»

«ዝም ብላ ነው የምትበራው፤ ባትሪው አዲስ ነው።»

ጨርቅ የሚያለብሳት ታዲያ በርዷት ነው?

ጉም ውስጥ ስንገባ የፊት መብራቱ እንደ ጧፍ ደከመ። ክላክሱን ሲጫነው የታመመ በግ ድምፅ አወጣ። ከፊታችን አይሱዙ ቢመጣ አያየንም፣ አይሰማንም። በአንድ በኩል ደግሞ ገደል ነው።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ። ጥጉን ይዞ ቆመ፤ ሞተሩም አብሮ ጠፋ። ቢያስነሳው አልነሳ አለ።

መምሬ ቀስ ብለው ጠየቁት፤ «ልጄ፣ ዘፈኑንስ አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

አንገቱን ደፋ። «አይ አባቴ፣ ራሱ ነው የጠፋው። ዲናሞው ባትሪውን አልሞላም ካለ ሰነበተ።»

«እንግዲያው ምርቃቴን መልስ!»

ገፍተን ገፍተን እግራችን አልቆ ሞላሌ ገባን። እናንተስ፣ ሾፌራችሁ ድንገት ጨዋ ሲሆንባችሁ የመኪናው ምኑ ተበላሽቶ ተገኘ?