ሽማግሌውን አልብሱት

ሲያትል ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ዘመድኩን ይርጉ አይታጣም። ሠርግ ይሁን ምርቃት፣ ሰው በልቶ ከጠገበ በኋላ «እስቲ ዘመዴ፣ ተነሥና አጫውተን!» መባሉ አይቀርም። ሥራው የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብሎ መሪ ሲያዞር ይሰነብትና፣ የተሳፋሪውን አነጋገርና አረማመድ አጠራቅሞ ቅዳሜ ማታ ይዘረግፈዋል። የሰው አካሄድ ሲቀዳ ሰውየው ራሱ የገባ ይመስላል። አንድም ቀን ሰው ሳያስቅ ተቀምጦ አያውቅም፤ ሲያስቅ ደግሞ ዓይኑ ከአድማጮቹ ፊት ላይ አይነቀልም፤ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንዳልሳቀ ያያል።

ሌላም የሚመሰገንበት ነገር ነበረው። እናቱ ሲያርፉ አባቱን አቶ ይርጉን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ ሌክ ሲቲ ሰፈር ባለች ባለሁለት መኝታ አፓርታማው ከሚስቱ ከሳሮን ጋር ይጦራቸዋል። አቶ ይርጉ ዕድሜ ልካቸውን ጉለሌ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህም መጥተው ሥራ አልፈቱም፤ የጎረቤቱን ሁሉ ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ የተቀደደ ኪስ ሲጠግኑ ቆዩ። በኋላ ግን መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ መርፌውን የት እንዳስቀመጡ፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ቀጥሎ የሰው ስም። «አባቱን እንዲህ የሚይዝ ልጅ የት ይገኛል?» ይሉ ነበር የቤተ ክርስቲያን እናቶች። ዘመድኩንም ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ ቢያደርግም፣ ሆዱ «እውነታቸውን ነው» ይለው ነበር።

ባለፈው ጥር አንድ ጠዋት፣ ዘመድኩን ሥራ ላይ ሳሮን ሻወር ውስጥ ሳሉ፣ አቶ ይርጉ ሸሚዝ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ኮት ደርበው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ከቤት ወጡ። ሱሪ ግን አላደረጉም። በዚያ ሁኔታ የኮሪደሩን በር አንድ በአንድ እያንኳኩ «ልብስዎ ደርሷል፣ መጥተው ይለኩት» ይሉ ጀመር። በሩን የከፈተችው ፊት ለፊት የምትኖረው ኑሪያ ነበረች። ትልቁን ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደች፤ ፊቷን ወደ ጎን መልሳ ወገባቸው ላይ ጠመጠመችላቸውና «ኑ አባባ፣ ደንበኛዎ ቤት ነው ያለው» ብላ እጃቸውን ይዛ መለሰቻቸው። ለሳሮን አስረከበቻትና ምንም ሳትጨምር ሄደች።

ዘመድኩን ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ደነገጠ። በማግስቱ ግን አውቶቡሱን እየነዳ ሲያስበው፣ ክራቫቱና ባዶ እግሩ፣ ሜትሩና «ልብስዎ ደርሷል» የሚለው ቃል አንድ ላይ መጡበትና ብቻውን ሳቀ። ጨዋታ ሆኖ ታየው።

ጨዋታውን ያወጣው ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ የጓደኛው የዱሬሳ ልጅ ልደት ላይ ነው። ዱሬሳ ከሲያትል ማዶ ቤልቪው ከተማ የሚሠራ ኢንጂነር ነው፤ በሳቅ የሚያሸንፈው የለም። «ዘመዴ፣ አዲስ ነገር የለም እንዴ?» አለ። ዘመድኩን ተነሣ። «አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ አሉ» ብሎ ጀመረ። ጉልበቱን ገጠመ፣ ኮቱን ወደ ታች ጎተተ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቱ አንኳኳ፤ የአባቱን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አወጣ። ስም አልጠራም፤ ማን እንደሆኑ ግን ሁሉም አውቋል። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

አቶ ይርጉ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰው ሲስቅ አይተው እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዘንበል አሉና ከልብ ተጨንቀው «ሰውየው ግን ሱሪውን አገኘ?» ብለው ጠየቁ።

ከመጀመሪያው የበለጠ ሳቅ የፈነዳው ያን ጊዜ ነው። ዱሬሳ እንባውን እየጠረገ «ገደልከን አንተ ሰው!» አለ። ዘመድኩንም ሳቀ። የሆነ ነገር ደረቱን ወጋ አድርጎት ነበር፤ በቢራ አወረደው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አቶ ይርጉ ኋላ ወንበር ላይ አንቀላፍተው ነበር። ሳሮን መስኮቱን እያየች «አባባ ፊት?» አለችው።

«አልገባውም እኮ። ታዲያ ምን ችግር አለው? ራሱም ሲስቅ ነበር።»

«የከፋውስ እሱ ነው» አለች።

በመጋቢት፣ መርሳት ለያዛቸው አረጋውያን መሃል ከተማ ባለ አንድ ሙዚየም የጠዋት ጉብኝት እንዳለ ሳሮን ሰምታ አስመዘገበቻቸው። ዘመድኩን የዕረፍት ቀኑ ስለነበረ ይዟቸው ሄደ። አስጎብኚዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ስድስት ሰባት ሽማግሌዎችን ከነአስታማሚዎቻቸው እየመራች የድሮ የአውሮፓ ዕቃዎች ወዳሉበት አዳራሽ አስገባቻቸው። ከእንጨት የተጠረበች እመቤታችን፣ ከዝሆን ጥርስ የተፈለፈለ ስቅለት፣ የጣዖት አማልክት የተሣሉባቸው ሳህኖች ነበሩ። አቶ ይርጉ በእመቤታችን ፊት አማተቡ፤ ራቁቷን የቆመች አንዲት የግሪክ ሴት ሲያዩ ደግሞ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አለፉ።

አስጎብኚዋ አንድ ሰማያዊና ቢጫ ሳህን ጋ አቆመቻቸው። ከሚቃጠል ከተማ ውስጥ አንድ ጎልማሳ አንድ ሽማግሌ አዝሎ ሲሮጥ ይታያል። «ኤኔያስ ይባላል» አለች፤ «ትሮይ ስትቃጠል ሁሉም ሀብቱን ሲያሸሽ እሱ ያወጣው አባቱን ነው።»

ዘመድኩን ለአባቱ ተረጎመላቸው። «ጎበዝ ልጅ» አሉ አቶ ይርጉ። «የታደለ አባት ነው።» ዘመድኩን ልቡ ሞቀ። ስልኩን አውጥቶ ሳህኑን ፎቶ አነሣ፤ ሥሩ ምን ጽፎ እንደሚለጥፈውም ማሰብ ጀመረ። እኔስ ባሕር አሻግሬ አምጥቼው የለ? አለ በሆዱ።

የሚቀጥለው ክፍል ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትልቅ ሽምን ጨርቅ ተሸፍኗል። ዳርና ዳሩን የወይን ቅጠል የተቀዳጀ የወይን ጠጅ አምላክ ከሕፃናት ጋር ይጨፍራል። መሃሉ ላይ የወይን ተክል ሥር አንድ ነጭ ፂም ያለው ሽማግሌ ተዘርሯል፤ ጽዋው ተደፍቷል፤ ልብሱ ተገልጧል። ሁለት ወጣቶች ጨርቅ ይዘው ፊታቸውን አዙረው የኋሊት ይመጣሉ። ሦስተኛው ቆሞ በጣቱ ይጠቁማል፤ ይስቃል።

አቶ ይርጉ ቀረብ ብለው ጨርቁን አጤኑት። «ሱፍ ነው። እጅ ነው የሠራው» አሉ። ቀጥሎ ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄኛው ምን ይስቃል?»

አስጎብኚዋ የኖኅን ታሪክ ትናገር ነበር። ለዘመድኩን መንገር አያስፈልግም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ካም የአባቱን ዕርቃን አየ፤ ወጥቶም ለወንድሞቹ ነገራቸው። ማየቱስ ድንገት ነው፤ ጥፋቱ ወጥቶ መናገሩ ነው። ዘመድኩን የሚስቀውን ልጅ ተመለከተ። የልጁ ዓይን አባቱ ላይ አልነበረም። ወደ ውጭ፣ ወደ ተመልካቹ ነበር የሚያየው፤ ማን እንደሳቀና ማን እንዳልሳቀ የሚያጣራ ይመስላል። ያንን ፊት ዘመድኩን ያውቀዋል። የራሱ ነው።

«አባዬ፣ ኖኅ ነው። ና እንለፍ።»

«ኖኅ ይሁን ማንም ይሁን፣ ሽማግሌ ነው» አሉ አቶ ይርጉ። ጣታቸው የኮታቸውን ቁልፍ መፍታት ጀምሮ ነበር። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ሽማግሌውን አልብሱት!»

ኮታቸውን አወለቁና የመከለያውን ገመድ ተሻግረው ጨርቁ ላይ፣ ልክ የሽማግሌው ጭን ላይ ለጠፉት። የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ። ዘበኛ እየሮጠ ገባ። በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። አቶ ይርጉ ኮቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ በሸሚዝ ብቻ ቆመው ነበር።

ዘመድኩን ምን አደረገ? ወደ ኋላ ሸሸ። ሁለት እርምጃ ሸሽቶ ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል ገባ።

«እኚህ ሰው ከማን ጋር ናቸው?» አለ ዘበኛው።

ዘመድኩን ሰማ። አፉ ግን አልከፈት አለው፤ እንደ ሌላው ሰው ግድግዳ ግድግዳውን አየ። አቶ ይርጉ ዘወር ብለው የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ፈለጉ። ዓይናቸው እሱ ላይ ደረሰ፤ ሳይቆምም አለፈ።

ይሄኔ ነው «አባቴ ናቸው፤ ከእኔ ጋር ናቸው» ያለው።

አስጎብኚዋ ዘበኛውን በእጇ አረጋጋችው። «ምንም አልተበላሸም» አለች። ኮቱን ቀስ ብላ ተቀብላ አራገፈችና ለአቶ ይርጉ አለበሰቻቸው፤ ቁልፉን ሳይቀር ዘጋችላቸው። ዘመድኩን ሲደርስ የቀረለት ነገር አልነበረም። ኮቱን እንኳ ያለበሳቸው እሱ አይደለም። ቤት ሲደርስ የሳህኑን ፎቶ ከስልኩ አጠፋው።

ለሳሮን «ጥሩ ነበር» ብቻ አላት። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም።

በሰኔ ቤልቪው አንድ ምርቃት ላይ፣ ዘመድኩን የማያውቀው አንድ ሰው ጠረጴዛውን ሲያስቅ ደረሰ። «ይሄን ሰምታችኋል?» ይላል ሰውየው። «እዚሁ ከተማ ነው አሉ፤ አንድ ሰካራም ሽማግሌ ሱሪውን እያወለቀ የሴቶች በር ያንኳኳል...» አባቱ ሰካራም ሆነዋል፤ ባለጌ ሆነዋል። ሜትሩ ጠፍቷል፤ «ልብስዎ ደርሷል» የሚለው ቃል ቀርቶ በሌላ፣ ለጆሮ በሚቀፍ ቃል ተተክቷል። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ዱሬሳ ግን አይስቅም፤ ዘመድኩንን ሲያይ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

ዘመድኩን ፊቱ ተቃጠለ። ዝም ብሎ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ ሸሽቶ አይቶታል።

«ወንድሜ» አለ፣ «ሰውየው አባቴ ናቸው። ሰካራም አይደሉም፤ መጠጥ ቀምሰው አያውቁም። ታመው ነው። ወሬውን መጀመሪያ ያወራሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እሳቸው ባሉበት።»

ሰውየው ደንግጦ ብድግ አለና «አፉ በለኝ፣ አላወቅሁም» አለ። «አንተ ምን አጠፋህ?» አለው ዘመድኩን። በኋላ ማይክሮፎን ሲያቀብሉት በእጁ ወደ ሌላ አሳለፈ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ወሬው አጎራባቾቹ ከተሞች፣ ኬንትም ታኮማም ደርሶ ይሆናል፤ ማን ዞሮ ይለቅመዋል?

በማግስቱ የኑሪያን በር አንኳኳ። ከጥር ወዲህ በየቀኑ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት «ሰላም ነው?» ብሎ ከማለፍ በቀር ምንም ብሏት አያውቅም።

«አባቴን ያለበስሽልኝ ቀን ሳላመሰግንሽ ቀረሁ» አላት።

ኑሪያ ጥቂት አየችው። «የምን ቀን?» አለች። «እኔ ምንም ያየሁት ነገር የለም፣ ወንድሜ።» ፈገግ ብላ «አባባን ሰላም በልልኝ» አለችው። በሩ ሲዘጋ ዘመድኩን እዚያው ቆሞ ቀረ። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

አቶ ይርጉ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የሸሚዛቸውን እጅጌ ስፌት በጣታቸው ይከተሉ ነበር። ዘመድኩን ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ሁሉንም ነገራቸው። ምግብ ቤቱን፣ ሳቁን፣ ሙዚየሙ ውስጥ ወደ ኋላ መሸሹን። አንዳች ሳያስቀር፣ ድምፅ ሳይቀዳ ተናገረ። «በሰው ፊት አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ» አለ።

አቶ ይርጉ ጎንበስ ብለው በጥሞና ሰሙት፤ ድሮ ሱቃቸው መጥቶ የልቡን የሚያወራ ደንበኛ እንደሚሰሙት። ሲጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከባድ ነው» አሉ። «ግን ይሄን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ልጄ? ለአባትህ ሂድና ንገረው። አባት ነው፤ ይቅር ይልሃል።»

ዘመድኩን የአባቱን እጅ ያዘ።

«በሕይወት አለ አይደል?» አሉት አቶ ይርጉ በስስት።

«አለ» አለ ዘመድኩን።

«እንግዲያው ሳይመሽ ሂድ።»