የጸሎት ርዕሴን የገዛችው እህት

አሁን አሁን በኅብረታችን “የጸሎት ርዕስ ያለው?” ሲባል እኔ ዝም ነው። ዞረው ያዩኛል። ጤናስ? ደህና ነኝ። ሥራስ? አለ። እናትሽስ? እናቴን እኔው እጸልይላታለሁ። አኩርፋለች ይላሉ፤ አዎ፣ አኩርፌያለሁ። አንድ ጊዜ ርዕሴን ሰጥቻቸው ከመካከላቸው አንዷ ገዝታዋለች።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ጉልበት ነው። ከአዲስ አበባ ስናመጣት እዚህ ክላርክስተን የሚባል ከተማ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው፤ ዛሬም እዚያው ነን። ሊፍት የለውም። የእናቴ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይችልም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እኔና ባለቤቴ ግራና ቀኝ ይዘን እናወርዳታለን፣ ስንመለስ እንዲሁ እናወጣታለን። ሌላውን ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጣ የቆሙ መኪኖች ስታይ ትውላለች። እኔ ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሆስፒታል ውስጥ የሰው እናት ስደግፍና ሳራምድ ውዬ እመጣለሁ፤ የራሴ እናት ግን ፀሐይ ለመሞቅ የእኔን ዕረፍት ትጠብቃለች። ይህ ያንገበግበኝ ነበር። ቤት እንግዛ ያልኩት ለዚህ ነው። የቤት ባለቤት ተብዬ ፎቶ ለመለጠፍ አልነበረም።

አቅማችን የሚችላቸውን ቤቶች እየዞርን አየን፤ ሮዝዌል ድረስም ሄድን። ሁሉም ደረጃ አለው። መኝታ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፣ ልብስ ማጠቢያው ታች ነው፣ መግቢያው ኮረብታ ነው። እዚህ አገር ቤት የሚሠራ ሰው እርጅና የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው የለም እንዴ እያልኩ መኪና ውስጥ እነጫነጭ ነበር።

በመጨረሻ አንዱን አገኘነው። ከአቮንዴል እስቴትስ ብዙም የማይርቅ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። በዚያ አካባቢ የእንግሊዝ አገር ቤት እንዲመስሉ ተብለው የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ ጣራቸው ሹል፣ ነጭ ግድግዳቸው ላይ ጥቁር ሳንቃ የተጋደመባቸው። እንግሊዝ አገር ሄጄ ስለማላውቅ መምሰል አለመምሰላቸውን አልፈርድም። እኛ ያየነው ግን ከመካከላቸው ተራው ነበር፤ የጡብ ቤት፣ ፎቅ የሌለው። እሱም ቢሆን ከፊት ለፊቱ አምስት ደረጃ ነበረው፤ ሳየው ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ከደረጃው ጎን ግን ከመንገዱ ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ በሩ የሚወጣ፣ መደገፊያ ያለው የእንጨት መወጣጫ ተሠርቶለታል። የቤቱ ባለቤት አንዲት ነጭ አሮጊት ናቸው። ባላቸው በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዱ ስለነበር ለእሳቸው ያሠሩት ነው። ባላቸው ሲሞቱ ብቻቸውን መኖር አልሆንላቸው አለና ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ነበር።

እናቴ መወጣጫውን ትንሽ አየችው። ከዚያ እጇን ከእጄ አወጣችና በአንድ እጇ ከዘራዋን፣ በሌላው መደገፊያውን ይዛ ወጣች። ልከተላት ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ። እዚህ አገር ከመጣች ወዲህ ብቻዋን በር አልፋ ስትገባ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ገብቼ ስፈልጋት ጓሮውን በሚያሳየው ክፍል መስኮቱ አጠገብ ቆማለች።

“ይሄኛው የእኔ ነው” አለችኝ።

አሮጊቷ ምን እንዳለች ጠየቁኝና ነገርኳቸው። የባላቸው ክፍል እንደነበረ ነግረውኝ የእናቴን ትከሻ ዳሰስ አደረጉ። እኔ በልቤ ጓዛችንን ማስገባት ጀመርኩ።

እንግዲህ ጅልነቴን ስሙልኝ። የቤት ለቤት ኅብረታችን መሪ ሁልጊዜ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ ስንጸልይ በደፈናው አይሁን፣ ጌታ ፊት ነገሩን ዘርዝሩት ይለናል። እኔም ዘረዘርኩት። መንገዱን ተናገርኩ፤ የተጠየቀውን ዋጋ፣ እኛ ልናቀርብ ያሰብነውን፣ ኦፈሩ፣ የገዢዎች ዋጋ ማቅረቢያው፣ የሚዘጋበትን ቀን ሳይቀር ተናገርኩ። በእምነት ያዙት ብዬ የቤቱን ፎቶ በስልክ ግሩፓችን ላይ ላክሁ። ሌላ አገር ሰው ቢሆን ይህን ሁሉ ለገዛ ወንድሙም አይነግርም።

የዚያን ቀን የጸለየችልኝ እህት በጸሎቷ የታወቀች ናት። ንግድ አላት፣ ደህና ቤትም ነበራት። ሁለት እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ረጅም ጸለየች። “ጌታ ሆይ፣ በሩን ክፈትላት” አለች ደጋግማ። ከሁሉም በላይ ጮኬ አሜን ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ቤቱ ሌላ ሰው በካሽ፣ ከእኛ ዋጋም በላይ ጨምሮ ወሰደው። ቤት አገናኛችን ደውሎ ሲነግረኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ማታ ያቺው እህት ደወለችልኝ። ያንቺ ያልሆነ ነገር ነው ያመለጠሽ፣ የተሻለ ተዘጋጅቶልሻል ብላ አጽናናችኝ። እኔም ጌታ ይባርክሽ አልኳት። ይህን ስትለኝ ቤቱን የወሰደችው ራሷ መሆኗን ታውቃለች። ቤቱን ይቅር ልላት እሞክር ይሆናል፤ ስልኩን ግን አልችልም።

ያወቅሁት የእሷ የቤት ምስጋና ጥሪ በዚያው ግሩፕ ላይ ሲመጣ ነው። አድራሻውን ሳነበው ያው የጡብ ቤት ነው። ግሩፑን ወደ ኋላ መለስ ብዬ ብፈልግ እኔ የላክሁት ፎቶ አሁንም አለ፣ ከሥሩ የእሷ አሜን ጭምር። መሪያችን ጋ ሄጄ ፈላሁ። ገበያ መሆኑን፣ ማንም የመግዛት መብት እንዳለው አስረዳኝ። እሷም ነገሩን ነግራው ኖሯል፤ ስለ ቤቱ ስትጸልይ በልቧ ታላቅ ሰላም ተሰምቷት ነው አለኝ። ለእኔ ስትጸልይ ነዋ! ለእኔ የመጣ ሰላም ከሆነ ምናለ ብታሳልፍልኝ?

አልሄድም ብዬ ነበር። ሁሉንም የነገርኳት እናቴ ግን እሄዳለሁ አለች፤ የምስጋና ጥሪ አይቀርም፣ ደግሞ ያንን ክፍል ልየው አለችኝ። የአገር ልብሷን ለበሰች፣ ይዘን አወረድናት።

ስንደርስ መወጣጫው የለም። በነበረበት ቦታ አዲስ ሣር ተነጥፎ የአበባ ማሰሮ ተደርድሯል። የመወጣጫው ሳንቃዎች ቆሻሻ መኪና እንዲወስዳቸው መንገዱ ዳር ተከምረዋል። የቀሩት አምስቱ ደረጃዎች ናቸው። እናቴ ከዘራዋን ይዛ ከሥራቸው ቆመች።

ያቺ እህት በነጭ ቀሚስ፣ ፊቷ እያበራ ወጣች። ደረጃውን ወርዳ እናቴን ልትደግፍ እጇን ዘረጋች።

“ልጄ፣ ያ የእንጨቱ መንገድ የት ሄደ?” አለቻት እናቴ።

“ሪሙቭ አደረግነው፣ አስነሣነው እማማ። የቤቱን ፊት ያበላሻል፣ ስትሸጪውም ቫልዩውን፣ ዋጋውን ይቀንሳል አሉኝ። ይምጡ፣ እኔ ልያዝዎት።”

“እኔ በእሱ ብቻዬን ነበር የገባሁት” አለች እናቴ። እጇን አልሰጠቻትም። “ወንበር ካለ እዚሁ አምጡልኝ።”

ወንበር መጣላት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ወጣ፣ መሪያችን ወጣ፣ ተሸክመን እናስገባዎት አሉ፤ አይሆንም አለች። ሣሩ ላይ ተቀመጠች፣ እኔም አጠገቧ ቆምኩ። የሰፈሩ ጸጥታ የሚያስፈራ ነው፤ ከውስጥ የሚባለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ከዝማሬው በኋላ ያቺ እህት ለምስክርነት ተነሣች። ስለ ቤቱ አጥብቃ ስትጸልይ እንደነበር ተናገረች። “ጌታ በሩን ከፈተልኝ” አለች፣ ቤቱ ሙሉ ሰውም አሜን አለ።

እናቴ የማንም ምስክርነት ይሁን አሜን ሳትል አልፋ አታውቅም። በልጅነቴ የማይሰማትን የሬዲዮ ሰባኪ ሳይቀር አሜን ትለው ነበር። አፏን ጠበቅሁ። እሷ ግን መንገዱ ዳር የተከመሩትን ሳንቃዎች እያየች ዝም አለች። ዝማሬው ሲቀጥል እንሂድ አለችኝ።

ክላርክስተን ደርሰን ግራና ቀኝ ይዘን ሦስተኛ ፎቅ አወጣናት።