ከተነካ አይቆጠርም

መጀመሪያ የወሰዱብኝ ክራንቼን ነው። ከሌላው ሰው ቀበቶና የጫማ ክር ይቀበላሉ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ተረኛው ፖሊስ ሁለቱን ክራንች በእጁ መዘነና፣ «ብረት ነው፤ ብረት ወደ ውስጥ አይገባም» አለ።

«እግሬ እኮ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው የትም አይሄድም፤ እዚሁ ይጠብቅሃል።»

ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ሳቁ። ግድግዳውን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ደፉን በእጄ እየተሳብኩ አለፍኩ።

ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ሰው ነበር፤ ከኔ ጋር ሠላሳ አንድ ሆነ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አንዲት ጠባብ መስኮት ጣሪያው ሥር አለች። ላብና ያልታጠበ ካልሲ ይሸታል። ከውጭ የከባድ መኪና ጥሩምባና የባጃጅ ጩኸት ይሰማል፤ አቃቂ ተወልጄ ስላደግኩ የትኛው መንገድ እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት። ቤቴ ከዚያ ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

እግሮቼን ገና ሳልሄድባቸው ፖሊዮ ወስዷቸዋል። ከወገቤ በላይ ግን ክብደት አንሺ ነኝ። አግዳሚ ላይ በጀርባችን እንተኛለን፣ እግራችን በቀበቶ ይታሰራል፣ ብረቱን ከደረታችን ወደ ላይ እንገፋለን። የምንሠራው አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር። ክብደታችን ከቃሊቲ ጋራዦች የለቀምነው የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ አስመዝነን ኪሎውን በቀለም ጽፈንበታል። አሠልጣኛችን በጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ሴት ናቸው፤ ኮች እንላቸዋለን፤ ሲቆጡ የሰፈሩ ውሻ ይሸሻል።

ኮች አንድ ሕግ አላቸው። አንሺው ብረቱን ሲገፋ ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ይቆማል፤ ግን አንሺው «ያዝ!» ብሎ እስኪጮህ ድረስ ማንም ጣቱን እንኳ አያሳርፍም። ካሳረፈ ያ ማንሳት ተሰርዟል። የቱንም ያህል ቢከብድ፣ አንሺው ቢለምን፣ ቢያለቅስ «ከተነካ አይቆጠርም» ይላሉ፤ አለቀ። ሕጉ ለብረቱ ብቻ አልነበረም። ከኛ አንዱን ማንም ሰው ሳይጠይቅ ከመሬት አያነሳም። ዕድሜ ልኬን የታክሲ ረዳት በብብቴ ይዞ ሲወረውረኝ፣ መንገደኛ ሳልለምነው እጄ ላይ ሳንቲም ሲያስቀምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያለ ፈቃዴ ማንም የማይነካኝ ቦታ ያ መጋዘን ብቻ ነበር።

መጋዘኑ ሊፈርስ ነው ተባለ። ነዋሪው ተሰብስቦ ሲነገረው ማይክሮፎኑን ለምኜ ተቀበልኩ። አልክድም፣ ንግግሬ ትኩስ ነበር። «እኛ መወጣጫ ስንጠይቅ በጀት የለም፤ ቤታችንን ለማፍረስ ሲሆን ዶዘሩ ከየት መጣ?» አልኩ። አንዱ በስልኩ ቀርጾኝ ኖሯል። ሳምንት ሳይሞላ የማላውቀው ሰው ሁሉ ሳሪስ ታክሲ ተራ ላይ «አይዞህ!» ይለኝ ጀመር። ቀጥሎ ፖሊሶች መጡ። «ለትንሽ ጥያቄ ነው» አሉኝ።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ ራሱም እስረኛ ነው። ቦታ የሚያድለው፣ ሰልፍ የሚያስይዘው እሱ ነው። ጠዋትና ማታ መላው ክፍል አንድ ላይ ለሽንት ቤት ይወጣል፤ የሚሰጠን አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በእጄ እየሄድኩ ግቢውን እስካቋርጥ ግማሹ ሰዓት ያልቃል። በሁለተኛው ቀን ካቦው ብርድ ልብስ ዘረጋልኝ።

«በዚህ እንሸከምሃለን።»

«አልፈልግም።»

«ማን ጠየቀህ? ሠላሳ ሰው ባንተ ምክንያት ሽንቱን ቋጥሮ ይዋል?»

አራት ሆነው እንደ ከሰል ማዳበሪያ አንጠልጥለው ወሰዱኝና ሽንት ቤቱ በር ላይ፣ እርጥቡ ላይ ጣሉኝ። እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ አልተሳሳቱም፤ ሰዓቱ የሁላችንም ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ከፖሊሶቹ ይልቅ እነሱ ላይ ተናደድኩ። በማግስቱ በሩ ሳይከፈት ነጠላ ጫማዬን በመዳፌ ለብሼ ደፉ ላይ ጠበቅኩ። ሲከፈት ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ፤ ስመለስም የመጨረሻው አልነበርኩም። አንዱ አጠገቤ ምራቁን ተፋ። «ኩራትህን ጠጣው» አለኝ።

ቀን ቀን ልምምድ ጀመርኩ። መዳፌን መሬት ላይ አደርጋለሁ፣ ትከሻዬን ወደ ታች ጎትቼ እቆልፋለሁ፣ መቀመጫዬን ከወለሉ አነሳለሁ። አሥር፣ እረፍት፣ አሥር። ክንዴ ከሰነፈ ብርድ ልብሱ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ካቦው ነገረብኝ። «ስፖርት ይሠራል» አለ። ዘበኛው መጥቶ መኝታዬ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋ። እርጥቡ ላይ አደርኩ፤ ጠዋት እንደገና አሥር ብዬ ጀመርኩ።

በዘጠነኛው ቀን ለምርመራ ተጠራሁ። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው።

«ሁለት ሰው ይሸከምህ» አለ ዘበኛው።

«እወጣዋለሁ።»

«መርማሪው እየጠበቀ ነው!»

«ይጠብቅ።»

ደረጃው አሥራ ስድስት ነው። ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። መዳፌን ከኋላዬ ካለው ደረጃ ላይ አሳርፌ፣ ትከሻዬን ቆልፌ፣ ገፍቼ ተነሳሁና ተቀመጥኩበት። አንድ። እግሮቼ ተከትለው ተጎተቱ። የሲሚንቶው ጠርዝ መዳፍ ይበላል። አንዲት ጸሐፊ ፋይል አቅፋ በጎኔ አለፈች፤ ዓይኔን አላየችም። አሥራ አንደኛው ላይ አረፍ ስል ዘበኛው ትዕግሥቱ አለቀና በብብቴ አፈፍ አድርጎ አሥራ ሁለተኛው ላይ አስቀመጠኝ።

ደሜ ፈላ። ቁልቁል መውረድ ጀመርኩ።

«ወዴት ነው? አንተ! ወዴት ነው?»

እስከ ታች ወረድኩ፤ ከመጀመሪያው ደረጃ ሥር ተቀመጥኩ።

«ነካኸኝ» አልኩት። «ከተነካ አይቆጠርም።»

«አብደሃል እንዴ?»

«ሁለተኛ ብትነካኝ ሁለተኛ ከዚህ እጀምራለሁ። እኔ ቀጠሮ የለኝም፤ ቀኑ የናንተ ነው።»

ሊመታኝ ዱላውን አነሳ፤ ከዚያ ቢመታኝ ተሸካሚው ማን እንደሚሆን ትዝ ብሎት ይመስለኛል፣ መልሶ አወረደው። «አንተ ሰይጣን!» ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። እንደገና አንድ ብዬ ጀመርኩ። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ እንደገና አረፍ አልኩ። ዘበኛው እጁን ኪሱ ከትቷል። አሥራ ስድስት።

መርማሪው ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ክራንቾቼ ከወንበሩ አጠገብ ቆመዋል።

«ቆየህ» አለኝ።

«ደረጃው ብዙ ነው።»

አንድ ገጽ ጽሑፍ አነበበልኝ። ኮች በስፖርት ስም አካል ጉዳተኞችን ሲያደራጁ እንደቆዩ፣ ስብሰባው ላይ እንድናገር ያዘዙኝም እሳቸው እንደሆኑ ይላል። የቀረው የኔ ፊርማ ብቻ ነው።

«ፈርምና ክራንችህን ይዘህ ውጣ። ዛሬውኑ። እሳቸውን ለትንሽ ጥያቄ ነው የምንፈልጋቸው።»

ትንሽ ጥያቄ! እኔም ለትንሽ ጥያቄ ነበር የመጣሁት።

ተነስቶ ክራንቾቹን እጄ ከሚደርስበት አቆማቸው። አልዋሽም፣ አስጎመዡኝ። መዳፌ ተልጦ ይደማል፣ ሱሪዬ ሽንት ሽንት ይሸታል፣ እነሱን ይዤ ብነሳ በአንድ ቅጽበት ቁመቴ ከሱ ጋር እኩል ይሆናል። ብዕሩንም አየሁት። ኮች ስልሳ አልፏቸዋል፤ የደም ግፊት ኪኒናቸውን በመሐረብ ቋጥረው ነው የሚዞሩት። እዚያ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተኝተው ታዩኝ።

«ማንም አላዘዘኝም» አልኩ። «የተናገርኩት እኔ ነኝ። እንደሱ ብለው ይጻፉትና አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ዝግ ያለው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «አንተ ሽባ! መቆም እንኳ አትችል፣ ባንተ ብሶ ትታበያለህ? ከነገ ጀምሮ ጠዋትና ማታ እዚህ ትወጣታለህ!»

«እሺ።»

ወደ በሩ ዞርኩ። ተዘግቷል፤ እጀታው ከተቀመጥኩበት አይደረስበትም። ዘበኛው ታች ወርዷል።

«በሩን ይክፈቱልኝ» አልኩት፤ «እጄ ሥራ ላይ ነው።»

ዘበኛውን ተጣራ። ድጋሚ ተጣራ። በመጨረሻ ወንበሩን ገፍቶ ራሱ ተነሳና ከፈተልኝ። በር ለከፈተልኝ ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኬን «እግዜር ይስጥልኝ» ስል ኖሬያለሁ፤ ከአፌ ሳላስበው ነው የሚወጣው። ያን ቀን ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። በእግሩ ሥር አለፍኩ።

ክፍል ስደርስ አጀብ የጠበቀኝ እንዳይመስላችሁ። ዘበኛው እኔ ጋ በመቆየቱ የማታው መውጫ ዘግይቷል፤ ካቦው «ያንተ ጣጣ!» ብሎ ፊቱን አዞረ፤ መዳፌን የምታጠብበት ውሃ የሰጠኝ አልነበረም። መርማሪው ስድስት ቀን በተከታታይ ጠራኝ። ስድስቱንም ቀን ያንኑ መለስኩለት፤ በሰባተኛው ሳይጠራኝ ቀረ። ሁለት ወር ቆይቼ በዋስ ስወጣ ክራንቾቼን ጠየቅኩ። «መዝገብ ላይ የሉም» አሉኝ። ይቅር ብለሃቸዋል ወይ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አላልኩም።

መጋዘኑ ፈርሶ አሁን የጭነት መኪና ያድርበታል። እኛ ኮች ግቢ፣ ቆርቆሮ ሥር እንሠራለን። እሳቸውን ማንም ለጥያቄ አልጠራቸውም። ስለዚያ ወረቀት ምንም አያውቁም፤ እኔም ቃል አልተነፈስኩም። ብነግራቸው ያለቅሳሉ፤ ካለቀሱ ደግሞ ማዘን ይጀምራሉ፣ ካዘኑልኝ ኪሎ ይቀንሱልኛል። ባለፈው ሐሙስ ብረቱ ደረቴ ላይ ቀርቶብኝ ሳቃስት ከላዬ ቆመው፣ «እስር ቤት ተጋድመህ ከርመህ ትከሻህ ላሽቋል! ሰነፍ! ግፋ!» ብለው ጮኹብኝ።

«እሺ ኮች» አልኩና ገፋሁ።